ከግራንድ ቪታራ ወደ ቪታራ፦ ስሙ ቢመሳሰልም መኪናው ሌላ ነው

ጥያቄ፦ «ለስምንት ዓመት የ2008 ግራንድ ቪታራ ነድቻለሁ። ሞተሩ ደክሟል፣ ነዳጅም ይበላል። እሱን ሸጬ የ2017 ወይም የ2018 ሱዙኪ ቪታራ ቤንዚን ልገዛ አስቤያለሁ። ሦስት ልጆች አሉን፤ 2፣ 6 እና 10 ዓመታቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ ነን፤ በየሁለት ሳምንቱ ግን ወላጆቼን ለመጠየቅ 40 ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ እንሄዳለን፤ መጨረሻው ላይ አጭር ግን ድንጋያማ ዳገት አለ፣ ዝናብ ሲጥል ይጨቀያል። የምንኖረው 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቪታራ እስከሆነ ድረስ ያው ጎበዝ ነው አይደል? 1.6ቱ ይሻላል ወይስ 1.4 ተርቦው? አንድ መካኒክ ተርቦ እንዳትነካ ብሎኛል። ጓደኛዬ ደግሞ መኪናው ቀላል ስለሆነ ግጭት አይችልም ይላል።»

ያው አይደለም። ይህ አስቀድሞ ካልጠራ የሞተሩም የካምቢዮውም ምርጫ መሠረት አይኖረውም።

እርስዎ የሚነዱት በ2005 የወጣው ትውልድ ነው። ሞተሩ በመኪናው ርዝመት ተቀምጧል፣ ሻንሲው ከቦዲው ጋር አንድ ሆኖ ተሠርቷል፣ ጉልበቱ ሁልጊዜ ለአራቱም ጎማ ይደርሳል። የእርስዎ ላይ ከጋቢናው መሃል የፎር ዊል መቀየሪያ ካለ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው መካከለኛው ዲፍረንሻል ይቆለፋል፣ በጣም ዝግ ብሎ ለመሄድ የሚያገለግለው አጭር ማርሽ፣ ፎር ሎውም ይገባል። በ2014 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ታይቶ በቀጣዩ ዓመት ገበያ የገባው ቪታራ ግን የተሠራው ኤስኤክስ ፎር ኤስ ክሮስ በሚባለው የቤት መኪና መሠረት ላይ ነው። ሞተሩ በአግድም ተቀምጦ በዋናነት የፊት ጎማዎችን ይነዳል። ፎር ሎው የለውም፤ በየትኛውም ደረጃው የለውም። ከፍ ተደርጎ የተሠራ የቤት መኪና ነው ብለው ቢያስቡት ከእውነቱ አይርቁም።

ስሙ ሌላም ስህተት ያመጣል። ህንድ ውስጥ ቪታራ ብሬዛ ተብሎ የተሸጠው ከ4 ሜትር ያነሰ መኪና ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ግራንድ ቪታራ የሚለውን ስም የያዘው አዲስ መኪናም ሌላ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት በአብዛኛው ሃንጋሪ፣ ኢስተርጎም ከተማ ውስጥ የተሠራው ነው። ጃፓን ውስጥ ኤስኩዶ ተብሎ የተሸጠው እንኳ ከዚያ የሄደ ነው። የሃንጋሪው ምርት የሻንሲ ቁጥር በ«ቲ ኤስ ኤም» ፊደላት ይጀምራል። መለዋወጫ ሲያዙ ዕቃው እንዳይሳሳት ይህን ቁጥር ይስጡ እንጂ «የቪታራ» ብቻ ብለው አይዘዙ።

አሁን ወደ ዳገቱ። ብዙ ሰው ፎር ሎውን ኃይል መጨመሪያ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ዋናው ሥራው ሞተሩ እንደ ልቡ እየዞረ መኪናው በሰው እርምጃ እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ግራንድ ቪታራ ላይ ማርሹን ወደ ግማሽ በሚጠጋ ያሳጥረዋል። ይህ በሌለበት ማንዋል መኪና ድንጋይ እየመረጡ ቀስ ብለው ሲወጡ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጠው መያዝ ግድ ይሆናል፤ የሚሽተተውና የሚያልቀውም እሱ ነው። ሲወርዱ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ አቅሙ ስለሚያንስ አብዛኛው ሸክም ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ፎር ዊል ቪታራዎች ላይ ያለው የቁልቁለት መቆጣጠሪያም ቢሆን የሚሠራው ፍሬኑን በመያዝ ነው፤ አጭር ቁልቁለት ላይ ይረዳል፣ ለረጅም ግን መታመን የለበትም።

ከመሬት ያለው ከፍታ 18.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ከያዙት መኪና ብዙም አያንስም፤ ሻጮችም ደጋግመው የሚጠሩት እሱን ነው። እኔ ግን የምፈራው አፍንጫውን ነው። የፊት ፓራውልቱ ረዘም ብሎ ስለወጣ ዳገት ሲጀምር የሚችለው ተዳፋት 18 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሆዱ ሳይነካ ከንፈሩ የሚላጥባቸው ቦታዎች ይኖራሉ። የተጻፈው ከፍታ የባዶ መኪና መሆኑንም አይርሱ፤ አምስት ሰውና ሻንጣ ሲጫን ሞላው ይቀመጣል፣ ከፍታውም ይቀንሳል። ከመግዛትዎ በፊት ዳገቱን በእግር ይውጡት። ትልቁ ድንጋይ ከጉልበትዎ በታች፣ ከስንዝር በላይ ከሆነ በአሁኑ መኪናዎ የተለማመዱት አወጣጥ አይሠራም፤ ወይ መንገዱን ማስተካከል ወይ መኪናውን ታች አቁሞ በእግር መውጣት ይኖርብዎታል።

ሁሉም ቪታራ ፎር ዊል አይደለም። ኦልግሪፕ የሚባለው የሱዙኪ ፎር ዊል ሥርዓት ያለውና የሌለው ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ ሻጩም አንዳንዴ ራሱ አያውቅም። ከኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ አይመኑ፤ ይለጠፋል፣ ይነሳል። ከካምቢዮው ዘንግ ኋላ አውቶ፣ ስፖርት፣ ስኖው እና ሎክ የሚሉ ምርጫዎች ያሉበት ክብ መቀየሪያ ይፈልጉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ከኋላ ዲፍረንሻል መኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ። በአውቶ ላይ ሲሆን መኪናው የፊት ጎማ ነጂ ነው ማለት ይቻላል፤ ፊቱ መንሸራተት ሲጀምር በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ መያዣ ጉልበቱን ወደ ኋላ ያስተላልፋል። ሎክ ጭቃ ውስጥ በዝግታ ለመውጣት ነው፤ በከንቱ የሚዞረውን ጎማ በፍሬን እየያዘ ጉልበቱን ቆንጥጦ ለያዘው ጎማ ይሰጠዋል። ለእርስዎ ጭቃ ይህ ይበቃል። ጭቃው ላይ ሳይደርሱ ማስገባት ግን ያስፈልጋል፤ አንዴ ከሰመጡ በኋላ ሎክ ተአምር አይሠራም።

ይህ መያዣ አንድ ጠላት አለው፦ መጠኑ የተለያየ ጎማ። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት ያለቀ ከኋላ የሚገጥም ሰው የፊቱና የኋላው ጎማ ዙር ልዩነት መያዣውን ሁልጊዜ እንዲታገል ያደርገዋል፤ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይደክማል። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ ተቀራራቢ አላላቅ ያላቸው ይሁኑ። ቸርኬ ላይ ምርጫ ካለዎት 17ቱን ትተው 16ቱን ይውሰዱ፤ 215/60 ጎማው ወፍራም ጎን ስላለው ጠጠር ላይ ይለሰልሳል፣ ቸርኬውንም ከጉድጓድ ያድናል። ፎር ዊል ለመነሳት እንጂ ለመቆም እንደማይረዳም ልብ ይበሉ። እርጥብ ቁልቁለት ላይ የሚያቆምዎ ጎማው ብቻ ነው።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ የእርስዎ ከፍታ ብዙ ነገር ይወስናል። 1.6ቱ 120 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ጉተታው 156 ኒውተን ሜትር ሲሆን እዚያ የሚደርሰው ሞተሩ በደቂቃ 4400 ሲዞር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ነው፤ በሻካራ ስሌት በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 ከመቶ ገደማ ያጣል። እርስዎ ጋ ሲደርስ 120ው ወደ 90 ይጠጋል። መኪናው ቀላል በመሆኑ፣ እንደ ደረጃው ከ1100 ኪሎ ግራም ብዙም ስለማይርቅ፣ ብቻዎን ሲነዱ ጉድለቱ አይታወቅዎትም። አምስት ሰው ጭነው ዳገት ሲጀምሩ ግን ማርሽ እየቀነሱ ሞተሩን ማስጮህ የዘወትር ሥራ ይሆናል። ቡስተርጄት የሚባለው 1.4 ተርቦ 140 የፈረስ ጉልበት አለው። ከዚያ ይበልጥ የሚጠቅምዎት 220 ኒውተን ሜትር ጉተታው ነው፤ እሱም ከ1500 ዙር ጀምሮ ይገኛል። ተርቦው ስስ የሆነውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታ የሚቀንስበት ከ1.6ቱ በጣም ያነሰ ነው።

መካኒክዎ የሰጡት ምክር መነሻ አለው፤ ድምዳሜው ግን ከመነሻው አልፎ ሄዷል። ተርቦው በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ሲሆን ዘንጉን የሚሸከመው ቀጭን የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ካረጀ፣ ካነሰ ወይም ደረጃው ከወረደ የሚሞተው መጀመሪያ እሱ ነው። ከዚህ ሌላ ይህ ሞተር ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጨው። 1.6ቱ ላይ ቤንዚኑ በመግቢያ ቫልቮቹ በኩል ስለሚያልፍ እያጠባቸው ይሄዳል፤ 1.4ቱ ላይ አጣቢ ስለሌለ ካርቦን ይጠራቀማል። ሦስተኛም አለ፦ በዝቅተኛ ዙር፣ በከፍተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ እስከ ታች መርገጥ ትናንሽ ተርቦ ሞተሮች ውስጥ ያለጊዜው መቃጠልን ያስነሳል፤ ይህ ፒስተን ይሰብራል። የአሜሪካው የነዳጅ ኢንስቲትዩት ኤፒአይ በ2018 ያወጣው ኤስኤን ፕላስ፣ በ2020 የተከተለው ኤስፒ የተባሉት የዘይት ደረጃዎች ይህን ችግር ለመቀነስ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የእኔ አቋም እንዲህ ነው፦ በመመሪያው መጽሐፍ የተፈቀደውን ውፍረት፣ ከእነዚህ ሁለት ደረጃዎች በአንዱ፣ በየ7000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀይር ሰው 1.4ቱን ያለ ፍርሃት ይግዛ። «ዘይቱ ገና ነው» እያለ 15000 የሚያደርስ ሰው ግን 1.6ቱን ይውሰድ፤ መካኒክዎ ልክ የሚሆኑት ለዚያ ሰው ነው። ሁለቱም ሞተሮች ቫልቮቻቸውን የሚያንቀሳቅሱት በካቴና እንጂ በቺንጊያ አይደለም። ይህም ቢሆን ዘይት ለሚያከብር ብቻ ነው ጥቅሙ፤ በቆሸሸ ዘይት ካቴናም ይለጠጣል።

ካምቢዮው ላይ ቤንዚን ቪታራ ጥሩ ዕድል ሰጥቶዎታል። በእነዚህ ዓመታት በተሠሩት ላይ አውቶማቲኩ በዘይት ግፊት የሚሠራው የታወቀው ባለ 6 ማርሽ ነው። ዳገት ላይ በዝግታ ሲወጡ የሚቃጠል ፍሪሲዮን ስለሌለው ለእርስዎ መንገድ ከማንዋሉ ይሻላል። «የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ አይቀየርም» የሚለውን ወሬ ግን አይቀበሉ፤ በ60000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስቀይሩ። ገበያው ላይ ናፍጣ አውቶማቲክ ካጋጠመዎት ይለፉት፤ እሱ ላይ ያለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ነው፣ በእግረኛ ፍጥነት የሚሄድበትን ድንጋያማ ዳገት አይወድም። ከ2022 ጀምሮ የወጣውን 1.5 ሙሉ ሃይብሪድም ለእርስዎ አልመክርም። ካምቢዮው ማንዋልን በሮቦት እንደማንዳት ስለሆነ ማርሽ ሲቀይር ያንገጫግጫል፤ የባትሪው ቦታ ደግሞ የዕቃ መጫኛውን ወደ 289 ሊትር ያወርደዋል።

ጓደኛዎ ስለ ግጭት የተናገሩት ግማሽ እውነት ነው። ቀላል መሆን ማለት ደካማ መሆን አይደለም። ፊቱ የሚጨማደደው ሆን ተብሎ፣ የግጭቱን ኃይል ከሰው በፊት እንዲበላ ነው፤ ሳይጨማደድ የሚቆም መኪና ድንጋጤውን ለተሳፋሪው ደረት ያስተላልፋል። ቪታራ በ2015 የአውሮፓው የመኪና ደህንነት ፈታኝ ዩሮ ኤንካፕ ሲፈትነው 5 ኮከብ አግኝቷል። እውነት የሆነው ግማሽ ይህ ነው፦ ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲጋጩ ፍጥነቱ በድንገት ይበልጥ የሚቀየርበት ቀላሉ ነው። ዩሮ ኤንካፕ ያኔ መኪናውን በ64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያጋጨው ከሚጨማደድ ግድግዳ ጋር ነው፤ ስለዚህ ኮከቡ ከባድ ጭነት መኪና ሲመጣብዎ ስለሚሆነው አይናገርም። የ2015 ኮከብም ከዛሬው ኮከብ ጋር አይስተካከልም፤ መመዘኛው ከዓመት ዓመት ጠብቋል። በራሱ ፍሬን የሚይዘው ራዳር በሁሉም ደረጃዎች ላይ የለም፤ ካለ ይጠይቁ፣ ከሌለ ግን እሱን ብቻ ብለው ጥሩ መኪና አይተዉ።

እርስዎ በጥያቄው መሃል በአንድ መስመር ያለፉትን እኔ ከሞተሩ በላይ አየዋለሁ፤ ሦስቱን ልጆች። ቪታራ ርዝመቱ 4.175 ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 1.775 ሜትር ነው። የልጅ ወንበር ማሰሪያው አይሶፊክስ ያለው ከኋላ በሁለቱ ዳር መቀመጫዎች ላይ ነው። የ2 ዓመቱ ልጅ ሙሉ ወንበር፣ የ6 ዓመቱ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል። የ10 ዓመቱም ቢሆን ቁመቱ ቢያንስ 135፣ ቢቻል 150 ሳንቲ ሜትር ካልሞላ ቀበቶው አንገቱ ላይ ስለሚያርፍ ከፍ ማድረጊያ ያሻዋል። ሦስት ወንበር ጎን ለጎን ቪታራ ላይ መግጠም በጣም ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ወንበሮቹ የመሃሉን ቀበቶ መግቢያ ሸፍነውት መሃል ያለው ልጅ ሳይታሰር መሄዱ ነው። ይህንን በምንም ምክንያት አይቀበሉት። መኪናውን ሊያዩ ሲሄዱ ልጆቹንም ወንበሮቻቸውንም ይዘው ይሂዱ፤ ሦስቱንም አስረው፣ በሩን ዘግተው፣ ሩብ ሰዓት ይንዱ። ሻጩ ቢያጉረመርም ይታገሡት። ጣሪያው መስታወት የሆነውን ዓይነት ደግሞ ይተዉት፤ የጭንቅላት ቦታ ይቀንሳል፣ የ10 ዓመቱ ልጅዎ ቶሎ ያድጋል።

ዕቃ መጫኛው 375 ሊትር ነው። ለአምስት ሰው የሁለት ቀን ጉዞ ይበቃል፤ የሕፃን ጋሪ ከተጨመረ ግን ሻንጣው ጉልበት ላይ ይወጣል። ለማነጻጸር ያህል በ2015 የወጣው ሃዩንዳይ ቱሳን 4.475 ሜትር ረዝሞ 513 ሊትር ይይዛል። የተፈቀደውን የጭነት ልክ በበሩ ምሰሶ ላይ ካለው ሰሌዳ ያንብቡ፤ አምስት ሰውና ሻንጣ ሳይታወቅ ወደ 400 ኪሎ ግራም ይደርሳል።

የቀሩት ድክመቶች የሚለመዱ ናቸው። በአስፋልት ላይ ከ100 በላይ ሲነዱ የጎማና የነፋስ ድምፅ ይገባል፣ ከግራንድ ቪታራ ለሚመጣ ሰው ግን አዲስ ነገር አይሆንም። በ2018 መጨረሻ እስከተደረገው እድሳት ድረስ ዳሽቦርዱ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ታንከሩ 47 ሊትር ብቻ ይይዛል። ነዳጅ ላይ በእርግጥ ያተርፋሉ፤ 1.6 ማንዋል ባለ ፊት ጎማው በወቅቱ በነበረው ይፋዊ ፈተና ለ100 ኪሎ ሜትር 5.3 ሊትር ተጽፎለታል። ያ ፈተና ለስላሳ ስለነበረ በኋላ በሌላ ተተክቷል። እርስዎ በከተማና በዳገት፣ በፎር ዊል አውቶማቲክ፣ ከ7 ሊትር በታች አይጠብቁ።

ስለዚህ ምክሬ 1.4 ቡስተርጄት፣ ኦልግሪፕ ያለው፣ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ይግዙ ነው፤ ዘይት የተቀየረበት ማስረጃ እስካለው ድረስ። ማስረጃ ከሌለው 1.4 ይልቅ ማስረጃ ያለውን 1.6 ኦልግሪፕ አውቶማቲክ ይምረጡ። የፊት ጎማ ብቻ የሚነዳውን ለእርስዎ መንገድ በርካሽም ቢሰጡዎት አይውሰዱ። ሦስቱ ልጆች በትክክል መታሰር ካልቻሉ ደግሞ ሐሳቡን ከነጭራሹ ትተው ወደ ቱሳን መጠን ይሻገሩ። ይህ ነጥብ የሚደራደሩበት አይደለም።

ሊያዩ ሲሄዱ ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱ፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ የብረት መንኳኳት ወይም ሰማያዊ ጭስ ካለ ይተዉት። በባዶ ሜዳ መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፈው በዝግታ ይዙሩ፤ መኪናው እየተንገጫገጨ የሚጎተት ከሆነ የፎር ዊል መያዣው ወይም ጎማዎቹ ችግር አለባቸው። የኋላ ዲፍረንሻሉን ዘይት ማስቀየርም ከገዙ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዎ ይሁን።

ግራንድ ቪታራውን ደግሞ ቀብድ ለመቀበል ሳይቸኩሉ፣ በአዲሱ መኪና ያንን ዳገት ልጆቹ ሳይኖሩ አንዴ በደረቅ፣ አንዴ በዝናብ ወጥተው ካዩ በኋላ ይሽጡት።